የቁም ሙሾ

ኦምዱርማን፣ ሱዳን
ኅዳር 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አክስቴ ለእትዬ ሙናዬ፤

የቁሐሩ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድዎ። ሰላምታዬ ከመተማ በረሃ ማዶ ይድረስዎ። እንደምን ከርመዋል? አባቴስ እንዴት ነው? የእግሩ እብጠት ጎደለለት ወይ? እኔ ልጅዎ አማረ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ አብዱልአሊም ነው፤ የወረታው ነጋዴ የመሐመድሰዒድ ወንድም። ገዳሪፍ ሱቅ ከፍቶ ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። መልስዎንም በእሱ ይላኩልኝ።

ሠራዊታችን ተበትኖ ጠመንጃ ጥለን ከተሻገርን ወዲህ ጥጥ ለቀማውንም ሸክሙንም አየሁት። አሁን ተመስገን፣ ከፀሐይ ወጥቻለሁ። ሐጅ ባቢክር የሚባሉ ሽማግሌ የካሴት ሱቅ አላቸው፤ እዚያ ተቀጥሬ ካሴት አባዛለሁ። ሐጅ ደግ ሰው ናቸው፣ ክርክር ግን አይጠግቡም። የሐበሻ ዘፈን ከእኛ የተቀዳ ነው ይሉኛል፤ እኔም እናንተ ናችሁ ከእኛ የቀዳችሁት እላቸዋለሁ። እውነቱን ለእርስዎ ልንገርዎና ቅኝቱ አንድ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ ቃሉ ዐረብኛ መሆኑ እስኪጠፋኝ ድረስ። የሚለየው ሌላው ነው። እኛ ትከሻ እንመታለን፤ የእነሱ ሙሽራ አንገቷን እንደ ርግብ ትሰብቃለች። ወንዶቹ አይዘሉም፣ እጃቸውን አንስተው ጣት ያጮሃሉ። የእኛ አዝማሪ ባንዲት የፈረስ ጭራ ጌታውን ያወድሳል፣ እዚያው ላይ ይሰድበዋል፤ ዑድ የሚሉት የእነሱ መሣሪያ ስንት ክር ኖሮት ማንንም አይነካም። ባሏ የሞተባት ሴት ነጭ ትለብሳለች። መጀመሪያ ሳይ ሙሽራ መስላኝ እንኳን ደስ ያለሽ ልል ነበር።

ባለፈው የሐጅ ጎረቤት ሞተው ለቅሶ ሄድን። ከሴቶቹ መካከል አንዲቱ ተነሥታ ሟቹን በግጥም ታነሳው ጀመር። መናሐ ይሉታል፤ የእኛው ሙሾ ነው። ሐጅ ወደ እኔ ዞር ብለው «ይህስ በአገራችሁ አለ?» አሉኝ። ደሜ ፈላ። አክስቴን ስላልሰሙ ነው አልኳቸው። እትዬ፣ አንዲት ሙሾ በካሴት ቀድተው ይላኩልኝና እኚህን ሰው ዝም ላሰኛቸው።

ለአባቴ የሚመጣው ዓመት መኸር ሳይሰበሰብ እገባለሁ ይበሉልኝ።

እጅዎን የሚስመው አማረ ዋሴ


ቁሐር ሚካኤል
ጥር 20 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለአማረ፤

ባሳደገህ ጉልበቴ ተንበርክኬ ለሚካኤል የምሰጥህ ልጄ፣ እንዴት ከረምህ? በመሠረተ ትምህርት ካገኘኋት ፊደል እየለቃቀምኩ ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሏ ብትንጋደድ አትሳቅብኝ።

አባትህ አለ። ሲመሽ እግሩ ያብጣል፣ ሲነጋ ይጎድላል። ውኃው ከማሳችን ሸሽቶ ሩዙ ታጨደ፤ እሱ ግን ከደጃፍ አልወጣም። ልጄን ሳላይ አልሞትም ብሎ ከቄስ ጥሩብርሃን ጋር ሳይቀር ተሟግቷል። ቄሱ ቀኑን የሚያውቅ እግዜር ነው ቢሉት፣ እግዜርም ቢሆን አማረን ያውቀዋል አላቸው። ትንፋሹን የያዘው አንተን በመጠበቅ ነውና የቀጠርከውን ቀን አትለፍ።

ስለ ሙሾው የጠየቅኸኝን ተወው። ሙሾ እንደ ሰርግ ዘፈን ተጠርቶ አይመጣም። ሬሳው ከቤት መሆን አለበት፣ ስሙም መጠራት አለበት። ያለ ስም ላውርድ ብል አፌ ይደርቃል። የሞቱትን ልጥራ ብል ደግሞ ለእነሱ የተባለው አብሯቸው ተቀብሯል፤ እሱን ማንሣት ሬሳ መቆፈር ነው፣ ዘመዶቻቸውም አይለቁኝ። ያለዚህም ሰው እንደ ገደቢስ ነው የሚያየኝ። አራስ ቤት ስገባ ሕፃኑን ይሸፍኑብኛል። ሰርግ ስጠራ ከሙሽራዋ ራቅ አድርገው ያስቀምጡኛል። ሲሞትባቸው ጊዜ ግን በቅሎ ይልኩልኛል። ይኸ ነው የእኔ ሙያ።

ያቺ የሱዳን ሴት ግን ምን እያለች ነው የምታለቅሰው? ደረት ትመታለች? ቆማ ነው ተቀምጣ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

አክስትህ ሙናዬ


ኦምዱርማን
መጋቢት 8 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙናዬ፤

ጾሙን አስፈጽሞ ለትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ፤ ለአባቴም ጤናውን ይመልስለት።

እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው ያሉት አሳቀኝ። አውቅዎታለሁ እኮ! ስለዚህ ሴቲቱ ከዓመታት በፊት ለሌላ ሟች ያወረደችውን መናሐ ካሴት ይኸው ልኬያለሁ። ቆማ ነው የምታለቅሰው፤ ራሷ ላይ ትቢያ ትነሰንሳለች፣ ዱሮ ጎራዴ ይዘው ያለቅሱ ነበር ይላሉ። አሁን አሁን ሃይማኖት አይፈቅድም እያሉ ስለሚከለክሏቸው እንዲህ ያለችው ሴት እየጠፋች ነው። ሐጅ ይህችን ካሴት እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት። የሐበሻ አልቃሽ ከዚህ የበለጠ ካላት የሱቄን ስም በአክስትህ ስም እለውጠዋለሁ ብለው ፎክረውብኛል።

ስለ ስሙ ያሉኝን አሰብኩበት። በአገራችን ሰው የቁም ተዝካሩን ያወጣ የለም ወይ? ራሱ ድንኳን ጥሎ፣ ካህን ጠርቶ፣ ድግሱን አብሮ በልቶ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት የኖረ ስንት አለ። ተዝካር በቁም ከተቻለ ሙሾ በቁም ለምን አይቻልም? የእኔን ስም ያድርጉት። እኔ ሟርት አልፈራም። የተተኮሰብኝ ሁሉ ስቶኛል፣ የአክስቴ ቃል ነው የሚገድለኝ?

እባክዎ እትዬ። እዚህ አገር ሐበሻ ማለት ሻይ ቀጂና ዕቃ አጣቢ ነው። አንድ ነገር እንዳለን ይወቁልን።

አማረ


ቁሐር ሚካኤል
ግንቦት 25 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለአማረ፤

የቃሌን ክፉ ከአንተ ያርቀው፣ ደጉን ያቅርበው። አሜን በል ከማንበብህ በፊት።

ያቺን ሴት ሰማኋት። ወረታ መሐመድሰዒድ ቤት ሄጄ በሚስቱ በቱርኪያ ቴፕ። ቱርኪያ ልተርጉምልሽ ስትለኝ ተይ አልኳት። መጀመሪያ ላይ ትቸኩላለች፤ ሟቹን ገና ሳታስተኛው ታነሣዋለች። ትንሽ ቆይታ ግን ድምጿ ተሰበረባት፣ አማረ። አልሰበረችውም፣ ተሰበረባት። የሞተባት ልጇ ነው አልኩ። ቱርኪያ ዓይኗን እየጠረገች ልጇ ነው አለችኝ።

አንድ ነገር ግን ጎደለኝ። በኋላ ቱርኪያን ብጠይቃት፣ የሟቹን አባት አልጠራችም። በእኛ አገር ሰው ብቻውን አይለቀስም። አባቱ ይጠራል፣ በሬው ይጠራል፣ ያረሰው መሬት ይጠራል። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር እያልኩ በልቤ አወርድ ጀመር። ቅናት ነው የያዘኝ፤ አልዋሽህም። ዕድሜዬን ሙሉ ያለቀስኩት ለፎገራ ሰው ነው፤ ማዶም የሚሰማኝ ካለ ይስማኝ አልኩ።

ስለዚህ ቀዳሁልህ። ከመሐመድሰዒድ ሱቅ ጀርባ የሩዝ ማከማቻ አለ፤ በሩን ዘግተን፣ ጆንያው መካከል ቱርኪያና እኔ ብቻ ሆነን። ስምህን ስጠራ አማተብኩ። ከዚያ በኋላ ግን መጣልኝ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ፎገራ ሜዳ ነው፣ ሰው ከሩቅ ይታያል፤
የዋሴ ልጅ አማሬ በየት በኩል ይመጣል?

እዚህች ላይ ስደርስ ቱርኪያ በቃሽ ብላ ልታጠፋው ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት።

አሁን ቃል ግባልኝ። ሰውዬው ይስማ፣ ከሰማ በኋላ ካሴቱ ይጥፋ። ይኸ ካሴት ተመልሶ መተማን እንዳይሻገር። አባትህ አያውቅም። እሱ ከሚሰማው አፈር ብሆን ይሻለኛል።

ሙናዬ


ኦምዱርማን
ነሐሴ 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእትዬ ሙናዬ፤

እንኳን ለፍልሰታ ጾም አደረስዎ። ጣና ሞልቶ ቤታችሁ ድረስ ገባ ሲሉ ሰምቼ አሳብ ላይ ነኝ፤ አባቴን ወደ ደረቁ እንዳወጣችሁት ተስፋ አለኝ።

እትዬ፣ ቢያዩ ኖሮ! ሐጅ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙዎት። ቃሉን እየተረጎምኩ ልነግራቸው ስል በእጃቸው ዝም በል አሉኝ። ሲያልቅ ጥምጥማቸውን መልሰው ጠመጠሙ። ከዚያ «የእኛዋ ለሟቹ ታለቅሳለች፤ የአንተ አክስት ለቀሩት ነው የምታለቅሰው» አሉኝ። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ መስማቴ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደረቴን ነፍቼ የሄድኩት ያን ቀን ነው።

አንድ ነገር ልደብቅዎ አልችልም። ወሬው ወጣ። የአገራችን ልጆች ሱቁን ሞሉት፤ እናታቸውን ሳይቀብሩ የቀሩ፣ ወንድማቸው በረሃ የቀረባቸው። ቅዳልን አሉኝ። እንዴት እምቢ ልበላቸው? ቀዳሁላቸው። ሙሾው የእኔ መሆኑን ሲያውቁ እየሳቁ ያቅፉኛል፣ ወዲያው ያለቅሳሉ። ግን አይስጉ፤ ከገዳሪፍ ወዲያ እንዳያልፍ ሁሉንም አስምያለሁ።

ሁለቱ መንግሥታት ተኳርፈዋል ይባላል፤ መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ አለ። ቢዘጋም ለመኸር መግቢያ አላጣም።

አማረ


ቁሐር ሚካኤል
ጥቅምት 19 ቀን 1988 ዓ.ም.

አማረ፤

በሕይወት ያለህ ከሆነ፣ ያለህም ነህና፣ ይህን አንብበህ ሳትቀመጥ ተነሥ።

አባትህ ልጄ ሞቷል ብሎ ለቅሶ ተቀምጧል። ለአንተ።

ጎረቤታችን አለኸኝ ቅዳሜ ለት በበቅሎ አድርጎ ወደ ወረታ ጤና ጣቢያ ወስዶት ነበር። እኔ ጣራ ገዳም ለጠበል ወጥቻለሁ። ሲመለሱ ከመንገዱ ዳር ጥላ ሥር ያሳርፈዋል። ከመተማ የመጣ የጭነት መኪና እዚያው ቆሞ ሹፌሩ ካሴቱን ለቆታል። እኔ ነኝ። ድምፄ ነው። አባትህ አንገቱን ቀና አደረገ ብሎ የነገረኝ ያው አለኸኝ ነው። መጀመሪያ እህቴ ናት ብሎ ፈገግ አለ፤ ለማን ይሆን ሲል ስምህ ተጠራ። ቀጥሎ የእሱ ስም ተጠራ። ቤት ደርሶ ከበቅሎው ሲወርድ ልጄ ሞተብኝ ብሎ ጮኸ።

እኔ ከጣራ ገዳም ስመለስ ጩኸቱን ከሜዳው ማዶ ሰማሁ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ እየሮጥኩ ማን ሞተ ስል፣ ያንቺው አማረ አሉኝ። ኧረ አለ፣ ደህና ነው ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ገባህ? በሽተኛ ባለበት ቤት መርዶ ይደበቃል። ስንቱን እኔ ራሴ ደብቄያለሁ፤ ልጅሽ ደህና ነው፣ ትናንት ወሬው መጣ እያልኩ ስንቷን እናት አታልያለሁ። አሁን እውነቱን ስናገር ያው ማታለል መሰላቸው።

የቁም ሙሾ ነው፣ ልጁ ራሱ ነው ያዘዘኝ አልኩ። ይኸንን የሚያምን ማን አለ? ሙናዬ ለቋሚ አታወርድም፤ ይኸን ያህል ዓመት ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤህን አውጥቼ ባነብለት፣ አባትህ ሁለት እጄን ያዘኝና «ይበቃል እህቴ፤ ለእኔ ብለሽ ብቻሽን ስትቃጠይ ከረምሽ» አለኝ። እኔን አዘነልኝ፣ አማረ። እሱ ነው እኔን ያጽናናኝ።

ከዚያ ወዲህ እህል ጠልቷል። እብጠቱ ወደ ሆዱ ወጥቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ካሴትንም ጨምርበት። ቃል አስገብቼህ ነበር። እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን። አሁን ከአንተ የምፈልገው ፊትህን ብቻ ነው። ና። እግርህን ይዞ ካልዳሰሰህ አያምንም።

ሙናዬ


ገዳሪፍ
ታኅሣሥ 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

እትዬ፤

ደብዳቤዎ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ባነበብኩበት ቀን ተነሣሁ። ገላባት ድንበሩ ላይ ወታደሮች መለሱኝ። በጫካው ልለፍ ብዬ ያዙኝና ሁለት ሳምንት አስረው ለቀቁኝ። ወረቀት የለኝም፤ ወዲህም ወዲያም የማንም ሰው አይደለሁም።

ሐጅ ካሴቶቹን ሁሉ ሰብስበው ሰባበሯቸው። ያልደረሱባቸው ግን ብዙ ናቸው።

ድምፄን በካሴት ቀድቼ ልኬያለሁ። አብዱልአሊም በዘዴ እንደሚያሻግረው ነግሮኛል። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ቦራው በሬያችን ሲወሰድ እኔ ሳለቅስ አባቴ የሳቀውን፣ ቆይቶ እሱም ከጎተራው ጀርባ ሲያለቅስ እንዳገኘሁት ነግሬዋለሁ። ከእኔና ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ይህን ሰምቶ ካላመነ በምን ያምናል? ያስሰሙት። ደጋግመው ያስሰሙት። እኔም ለጊዜው ወደ ሐጅ ብመለስም መንገድ ከመፈለግ አልቦዝንም።

ይቅር ይበሉኝ። አባቴንም ይቅር በለኝ ይበሉልኝ።

አማረ


ቁሐር ሚካኤል
ሚያዝያ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለአማረ፤

ይህን ከማንበብህ በፊት ሐጁን ጥራቸውና አጠገብህ ይቀመጡ። መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። በማለዳ ሰው ተሰብስቦ፣ እጅህን የሚይዝህ ኖሮ ነው የሚነገረው። አንተ ግን በዚያ አገር ሰብስቦ የሚያረዳህ ዘመድ የለህም። ስለዚህ እኔው ላርዳህ። ሐጁ እጅህን ይያዙህ።

አባትህ አረፈ። ሆሳዕና ሳይገባ፣ ሐሙስ ለት። ቁሐር ሚካኤል ከእናትህ ጎን ቀበርነው።

የላክኸው ካሴት ከጥምቀት በኋላ ደርሶ ነበር። መሐመድሰዒድ ራሱ ቴፑን ተሸክሞ መጣ። አባትህ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ሰማህ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጠው። ስለ በሬው ስትናገር ሳቀ። በሚካኤል እምላለሁ፣ ሳቀ። እኔም ዳነ ብዬ ተነሥቼ እልል ልል ነበር። ሲያልቅ ግን «ልጄ እንደሚሞት አውቆ ድምፁን ትቶልኛል፤ እግዜር ይስጠው» አለ። መሐመድሰዒድ በልጆቹ ማለለት። እሱንም አንተም ደግ ሰው ነህ ብሎ መረቀው።

ከዚያ ቀን በኋላ ካሴቱን አልፈለገም። እኔን ነው የፈለገ። ሲመሽ ሲመሽ ያንን ያማሬን አውርጂልኝ ይለኛል። እምቢ ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ ውኃም አይቀምስ። ምን ላድርግ? አወረድኩለት። ባፌ እየገደልኩህ፣ በልቤ ማረው ማረው እያልኩ። ስጨርስ ትንሽ አጥሚት ይቀምሳል። እንዲህ አድርጌ ነው ጾሙን ያስገመስኩት። አንድ ምሽት በመካከሉ አስቆመኝና የራሱን ጨመረበት። በዕድሜዬ ብዙ አልቃሽ ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም፤

እኔ ልቅደም ብዬ መቃብር ባስምስ፣
ልጄ ቀደመኝ ወይ አፈሩን ሊለብስ።

እኒያ ሐጅ ለቀሩት ነው የምታለቅሰው ብለውኝ አልነበር? ተሳስተዋል በላቸው። እኔ ያለቀስኩት ለራሴ ዝና ነው። እውነተኛውን ያወረደው ወንድሜ ነው፤ እሱንም ውሸት ላይ አወረደው።

በቀብሩ ለት አገሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ እኔን ጠበቀ። አፌን ከፈትኩ። አልመጣልኝም። ስሙን ልጠራ ስል የአንተ ስም ተከትሎ ይመጣብኛል። ስለዚህ ዋሴ ወንድሜ ያለ ሙሾ ተቀበረ። ሌሎቹ ለሁለታችሁ ደረት መቱ። ሙናዬ ኀዘኑ በዝቶባት ነው አሉና ደግፈው አስቀመጡኝ። ቄስ ጥሩብርሃን ስምህን ከሙታን ጋር በቅዳሴ ይጠሩታል። ኧረ ተዉ፣ ልጁ አለ ስላቸው ያጽናኑኛል።

አልረግምህም። የለመንከኝ አንተ፣ የቀዳሁት እኔ፤ ማን ማንን ይረግማል? ከእንግዲህ ግን አላለቅስም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ሞታ በቅሎ ላኩልኝ፤ በቅሎዋን ባዶዋን መለስኳት።

መንገዱ ሲከፈት ና። ማሳው ጦም እንዳያድር አለኸኝ በእኩል ይዞታል፤ ስትመጣ ይለቅልሃል። ስትመጣ ግን ወረታ ደርሰህ መሐመድሰዒድን ወደ እኔ ላከው፤ እኔ ሜዳው ድረስ ወጥቼ ከፊት ከፊትህ እሄዳለሁ። በቀን ግባ ልጄ፤ ሰው እንዳይደነግጥብህ።

አክስትህ ሙናዬ